የአንደበት ጾም በሰበካ ጉባኤ ጠረጴዛ

ዐቢይ ጾም ሲገባ በየቤታችን አስቀድሞ የሚለወጠው ማእድ ቤቱ ነው። የቅበላው ድስት ታጥቦ ይሰቀላል፤ ቅቤው ይከደናል፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ሱፍና ስልጆ ተራቸውን ይይዛሉ። በሥራ ቀናት ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ይሆናል፤ ምእመናንም እስከ ዘጠኝ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይቆያሉ። ይህን ሁሉ ሕፃናት እንኳ ሳይነገራቸው ያውቁታል። የአንደበት ጾም ግን እንዲህ ያለ የሚታይ ምልክት የለውም። ማን እንደ ጾመው፣ ማን እንደ ገደፈው የሚመሰክር ድስት የለም። በየዓመቱ እየተሰበከ በየዓመቱ የሚረሳውም በዚሁ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

ይህ ጽሑፍ ስብከቱን ለመድገም አልተዘጋጀም፤ ያን ተግባር በተሰጣቸው ጸጋ የሚፈጽሙ መምህራን አሉን። ልናሳይ የወደድነው የአንደበት ጾም በአጥቢያ ሥራ ላይ ያለውን ድርሻ ነው። በአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት የሚጀመሩ የልማት ሥራዎች፣ የውኃ መስመሩም ሆነ የችግኝ ጣቢያው፣ የአብነት ትምህርት ቤቱ ግንባታም ሆነ የአረጋውያን መርጃው፣ በገንዘብ እጥረት ይቆማሉ ተብሎ ይታሰባል። በገንዘብ እጥረት የሚቆም መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን ገንዘቡ በባንክ ተቀምጦ፣ ሲሚንቶው በዕቃ ቤት እየደረቀ፣ ሁለት ሰዎች ስለ ተኳረፉ ብቻ የቆመ ሥራ አይቶ የማያውቅ የሰበካ ጉባኤ አባል ይኖራል ብለን አናምንም። ኵርፊያውም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከአንድ ቃል ነው።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ከዓመታት በፊት በአንድ የደጋ አጥቢያ ያየውን እዚህ ላይ ማንሣት ይገባል። ከምንጩ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽርና እስከ መንደሩ ውኃ ለማምጣት ምእመናን ገንዘብ አዋጥተው፣ ቧንቧው ተገዝቶ ነበር። ሒሳቡ የሚንቀሳቀሰው በሦስት ሰዎች ጣምራ ፊርማ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ገንዘብ ያዡ ናቸው። አንድ እሑድ በስብሰባ መካከል የልማት ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ «ብሩ የት እንደሚገባ እግዚአብሔር ይወቀው» አሉ። ስም አልጠሩም። የተሰበሰበው ሁሉ ግን ፊቱን ወደ ገንዘብ ያዡ አዞረ። እርሳቸውም አንዳች ሳይመልሱ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ። ከዚያ በኋላ ሁለት በጋ አልፈረሙም። ለቅዳሴም ወደ ጎረቤት አጥቢያ መሄድ ጀመሩ። ቧንቧው በዕቃ ቤት ተቈልፎበት ተቀመጠ፤ ሴቶችና ልጃገረዶች ጀሪካን በጀርባቸው አዝለው ገደሉን መውረድና መውጣት ቀጠሉ። ወደዚህ ታሪክ ኋላ እንመለሳለን።

ጾሙ ስለ አንደበት የሚያስተምረው

ዐቢይ ጾም 55 ቀናት አሉት። ስምንቱን ሳምንታት የምንጠራባቸው ስሞች ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከደረሰው ዜማ የተወሰዱ መሆናቸውን አባቶች ያውቃሉ። ሊቁ በጾመ ድጓው ጾምን ለሆድ ብቻ አልተወውም፤ ዓይንም፣ ጆሮም፣ አንደበትም የየራሳቸው ጾም እንዳላቸው አስተምሯል። በፍትሐ ነገሥት አንቀጽ 15 የተሰበሰበው የጾም ሥርዓትም የምግቡንና የሰዓቱን ድንጋጌ የሰጠው ጾምን ከፈቃደ ሥጋ ድካምና ከኀጢአት ስርየት ጋር አያይዞ ነው። የምግቡ ሥርዓት በር ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ መቅረት ግን አልታዘዘም።

በየእሑዱ የሚነበቡትን ወንጌላት በዚህ ዓይን ማየት ይጠቅማል። በቅድስት እሑድ የሚነበበው ጌታችን ስለ ጾም ያስተማረበት የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ከቁጥር 16 ጀምሮ ያለው ክፍል ነው። መጽሐፉን ገልጦ ጥቂት ከፍ ብሎ ያነበበ ሰው፣ ከዚያ ቀድመው ያሉት ሁለት ቁጥሮች የሰውን በደል ይቅር ስለ ማለት የሚናገሩ መሆናቸውን ያገኛል። ስለ ጾም ከመነገሩ በፊት ስለ ይቅርታ ተነግሯል ማለት ነው። በሳምንቱ ደግሞ ምኩራብ ነው። ከእኛ መካከል በስብሰባ ላይ ለመቈጣት ምክንያት የሚፈልግ ሰው ሁልጊዜ ይህን ወንጌል ይጠቅሳል፤ ጌታ የነጋዴዎቹን ገበታ መገልበጡን ያስታውሳል። ጅራፉን ለማንሣት ሥልጣን የነበረው የቤቱ ባለቤት እንደ ነበረ ግን ይዘነጋል።

ከሁሉ ይልቅ ለሰበካ ጉባኤ የሚቀርበው የመፃጉዕ ወንጌል ይመስለናል። ያ ሰው 38 ዓመት በአልጋው ላይ ኖሯል፤ ችግሩንም ሲናገር ስለ ሕመሙ አላማረረም፤ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው ማጣቱን ተናገረ እንጂ። ጌታችንም ተነሥ ከማለቱ በፊት ጠየቀው፤ ፈቃዱን ሰማ። በየአጥቢያችን ከማኅበሩ ርቀው የተቀመጡትን ሰዎች ብንቈጥር፣ ከእነርሱ ስንቱ በእምነት ጕድለት፣ ስንቱ ደግሞ የሚጠይቀው ሰው አጥቶ እንደ ቀረ መለየት እንችላለን? የኒቆዲሞስም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። የአይሁድ አለቃ ሲሆን በሌሊት መጣ፤ ስለ ምን በቀን አልመጣህም አልተባለም። ይሉኝታ የያዘው ሰው በመረጠው ሰዓት ቢመጣ በዚያው ሰዓት ሊቀበሉት እንደሚገባ ከዚህ እንማራለን።

በአንጾኪያ የሆነው

የአንደበት ጾም ከተማን ያህል ነገር ሲያድን የታየበት አንድ ዘመን አለ። በ387 ዓመተ ምሕረት፣ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቈጣጠር፣ ንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ አዲስ ግብር እንዲከፈል አዘዘ። የአንጾኪያ ሕዝብም ተቈጥቶ ተነሣ፤ የንጉሡንና የቤተ ሰቡን ሐውልቶች፣ በሞት የተለየችውን የንግሥቲቱን ሐውልት ጭምር፣ ጥሎ በየመንገዱ ጐተተ። በዚያ ዘመን ይህ በንጉሡ ሰውነት ላይ እጅ እንደ ማንሣት የሚቈጠር ወንጀል ነበር። ቍጣው ሲበርድ ፍርሃት ተተካ። የተያዙት ይገደሉ ጀመር፤ ሕዝቡም ወደ ተራራና ወደ በረሃ ሸሸ። ጊዜው ዐቢይ ጾም የሚያዝበት ወቅት ነበር።

የከተማዪቱ ሊቀ ጳጳስ ፍላብያኖስ ያረጁ አባት ነበሩ። (በኋላ ዘመን በቍስጥንጥንያ ከነበረው ስመ ሞክሼያቸው ጋር እንዳይቀላቀሉብን።) እኅታቸው በሞት አፋፍ ላይ ሳለች፣ የአየሩ ጠባይ ሳይመች፣ ሕዝባቸውን ለማስማር ወደ ቍስጥንጥንያ ጉዞ ጀመሩ። በከተማው የቀረው ገና በዓመቱ ቅስና የተሾመው ዮሐንስ ነው፤ እኛ አፈወርቅ የምንለው ሊቅ። ዮሐንስ በየዕለቱ በፍርሃት የሚሰበሰበውን ሕዝብ ሲያጽናና፣ ከዓሣና ከዶሮ ተከልክሎ የወንድምን ሥጋ በሐሜት መብላት ምን ይረባል እያለ ገሠጸ፤ መሐላንና ስድብን ከከተማው እንዲያስወግዱ ደጋግሞ ለመነ። በጭንቅ ላይ ላለ ሕዝብ ስለ አንደበት ማስተማር ያለ ቦታው የገባ ሊመስል ይችል ነበር። ሊቁ ግን ሐውልቱን የጣለው እጅ ከመነሣቱ በፊት አንደበት እንደ ቀደመው ተረድቶ ነበር። በዚያው ወራት ከተራሮች የወረዱ መናንያንም የንጉሡን መልእክተኞች ደጅ ጠንተው ቅጣቱ እንዲዘገይ አማለዱ።

ፍላብያኖስ በንጉሡ ፊት ያደረጉትን ዮሐንስ ኋላ ተርኮልናል። እንደ ደረሱ አልተናገሩም። በሩቅ ቆመው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ በደለኛው ራሳቸው የሆኑ ያህል አለቀሱ። ንጉሡ ቀድሞ ተናገረ፤ ለከተማዪቱ ያደረገውን ቸርነት ቈጥሮ፣ ውለታው በክፉ መመለሱን አሰምቶ ወቀሰ። ሊቀ ጳጳሱም እስኪጨርስ ሰሙት። ተራቸው ሲደርስም በደሉን አላስተባበሉም፤ አላሳነሱትምም። የንጉሡን ፍቅርና የከተማዪቱን ውለታ ቢስነት አምነው፣ ከዚያ በኋላ ምሕረትን ለመኑ። ንጉሡም ማረ፤ ሊቀ ጳጳሱም ለትንሣኤ በዓል ወደ ከተማቸው ተመለሱ።

በአገራችን ሽምግልና የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ እንግዳ አይሆንበትም። ደጅ መጥናቱ፣ የተበደለው አስቀድሞ እንዲናገር መተዉ፣ በደልን ሳያድበሰብሱ አምኖ «ስለ እግዚአብሔር» ማለቱ፣ ሁሉም የአባቶቻችን ሥርዓት ነው። ድንጋይ ተሸክሞ በደጃፍ መቆምስ ከዚህ የተለየ ምን መልእክት አለው? እንግዲህ መልካም ቃል የምንለው የለሰለሰ ቃል ብቻ አይደለም። ከመልካም ቃል ግማሹ ዝም ብሎ መስማት ነው፤ ከቀረው ግማሽም ከባዱ ክፍል እውነቱን ማመን ነው።

ሒሳብና ቃል

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ እኛንም ደጋግሞ ገጥሞናል። በጾሙ ምክንያት ክፉ ቃል እንዳይወጣ ከተባለ፣ የጠፋ ንብረት ቢኖር፣ ያልተወራረደ ገንዘብ ቢገኝ ዝም ይባል ወይ? አይባልም። ቃለ ዓዋዲው በ1965 ዓ.ም. ከወጣ ጀምሮ ካህናትን፣ ምእመናንንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን በአንድ ጉባኤ ያስቀመጠው አንዱ የሌላውን ሥራ እንዲያውቅና እንዲጠይቅ ነው። የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ የድኾች ገንዘብ ነው፤ ስለ እርሱ ዝም ማለት ትሕትና ሊባል አይችልም። ከዚህም በላይ የጥር፣ የየካቲትና የመጋቢት የሩብ ዓመት ሒሳብ መዝጊያ አብዛኛውን ጊዜ በጾሙ ውስጥ ስለሚውል፣ የመጠየቂያው ወቅትና የጾሙ ወቅት ይገናኛሉ።

ልዩነቱ ያለው በአጠያየቁ ነው። «ብሩ የት ገባ?» የሚለው ሰው አስቀድሞ ፈርዷል። «የየካቲት ወር ደረሰኞች ከመዝገቡ ጋር አልተገናኙልኝም፤ አብረን ብናያቸው» የሚለው ደግሞ ያንኑ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ነገር ግን ለተጠየቀው ሰው የመልስ በር ይተውለታል። ጥፋት ቢኖር በሁለተኛው መንገድ ፈጥኖ ይገኛል፤ የተደፈረ ሰው መዝገቡን ይደብቃልና። አስቀድሞ ለብቻ መጠየቅም የወንጌል ሥርዓት ነው፤ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ወንድምን ለብቻ፣ ከዚያ ከምስክሮች ጋር፣ በመጨረሻም በቤተ ክርስቲያን ፊት ስለ መውቀስ ያስተምራል። እኛ ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው እንጀምራለን።

የስብሰባ ሰዓት ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ግን አይደለም። በሥራ ቀን ከቀትር በኋላ፣ ውኃ ያልቀመሱ ሰዎች፣ ገሚሱ ሲሰግድ የዋለ፣ ገሚሱ ከእርሻ የመጣ፣ ስለ ቅጥርና ስለ ደመወዝ ሊከራከሩ ይቀመጣሉ። ረኀብ ጸሎትን ያቀናል፤ ክርክርን ግን ያከርራል። አከራካሪ አጀንዳ ካለ ለቅዳሜ ወይም ለእሑድ ቢቀጠር፣ ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ጸዲቁ ተቀምሶ ቢጀመር፣ ክርክሩ በግማሽ ይቀላል። ይህን የምንለው ከልምድ ነው።

ስለ ዐውደ ምሕረት ደግሞ በትሕትና ለአባቶች የምናቀርበው አሳብ አለን። ዓመታዊ የአባልነት አስተዋጽኦ ያልከፈሉ ሰዎች ስም በድምፅ ማጕያ ሲነበብ የሰማንባቸው አጥቢያዎች አሉ። ገንዘቡ ምናልባት ይገባል። ከተነበቡት መካከል ግን በድህነቱ ምክንያት ያልከፈለ ቢኖር፣ ልጆቹ በጓደኞቻቸው ፊት ስማቸው የተጠራ ቢሆን፣ ያ ቤተ ሰብ በሚቀጥለው እሑድ በየት በር ይገባል? የንስሐ አባት በጾሙ ወራት ቤት ለቤት ሲዞሩ ይህንኑ ጕዳይ በጆሮ ቢናገሩ፣ የሌለውንም ከሚሸሽገው መለየት ይችላሉ። ውግዘትንም በሚመለከት እንዲሁ ነው። የካህን አንደበት ያሥራል፤ ይፈታልም። በጠብ መካከል፣ በቍጣ ሰዓት፣ ስለ አጥርና ስለ ግጦሽ የሚወጣ «ገዝቼሃለሁ» የሚል ቃል ሰውዬውን ይመልስ እንደ ሆነ ያጠራጥራል፤ ቃሉን ግን በእርግጥ ያቀልለዋል።

በስልክ ስለሚጻፈው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ኮሚቴዎች በቴሌግራም ቡድን መነጋገራቸው ሥራን አፋጥኗል። በቍጣ የተጻፈ ግን በቃለ ጉባኤ እንደ ሰፈረ ያህል ይኖራል፤ ሲነጋም አይጠፋም።

ከሆሳዕና በፊት

ለዕርቅ ጊዜ አለው። ብዙ ሽማግሌዎች የተጣላን ለማስታረቅ የትንሣኤን ዋዜማ ይመርጣሉ፤ በዓሉ የይሉኝታ ኀይል አለውና። እኛ ግን አስቀድሞ መጀመር ይሻላል እንላለን። በሰሙነ ሕማማት የይሁዳ አሳሳም ስለሚታሰብ ሰላምታውና መሳሳሙ ይቀራል፤ መስቀል መሳለምም ሆነ ጸሎተ ፍትሐት የለም። የታረቁት ሰዎች ጕልበት ስመው፣ መስቀል ተሳልመው፣ በካህን ተባርከው እንዲለያዩ ከተፈለገ ነገሩ ከሆሳዕና በፊት ማለቅ ይኖርበታል። እንዲህ ከሆነ በጸሎተ ሐሙስ ኅጽበተ እግር ሲፈጸም፣ ጕልባኑም በማኅበር ሲቀመስ፣ ሁለቱ በአንድ ስፍራ ለመገኘት አይቸገሩም። ሽማግሌዎች በመፃጉዕ ሳምንት የመጀመሪያውን ጉብኝት ቢያደርጉ ወደ አራት ሳምንት ይኖራቸዋል፤ አራት ሳምንት ለሁለት ዓመት ኵርፊያ ብዙ ጊዜ አይደለም።

አሠራሩን በተመለከተ፣ ሰበካ ጉባኤው በጾሙ መግቢያ ከአባላቱና ከአገልጋዮቹ መካከል እነማን እንደ ተኳረፉ ለይቶ ቢያውቅ መልካም ነው። ይህ ግን በቃለ ጉባኤ የሚሰፍር አይደለም፤ አስተዳዳሪው፣ የንስሐ አባቶችና አንድ ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች ቢያውቁት ይበቃል። እናቶችንም መርሳት አይገባም። ሁለት አባወራዎች ባይነጋገሩ እንኳ ሚስቶቻቸው በጽዋ ማኅበር፣ በለቅሶና በወፍጮ ቤት ይገናኛሉ፤ የዕርቅ መንገድ ስንት ጊዜ በዚያ በኩል እንደ ተከፈተ እነርሱ ያውቃሉ።

ወደ ጀመርነው ታሪክ እንመለስ። በሁለተኛው ዓመት ጾም የገንዘብ ያዡ የንስሐ አባት ከአንድ ሽማግሌ ጋር ወደ ቤታቸው ሄዱ። ይፈርሙ ብለው አልለመኗቸውም፤ ስለ ውኃውም አላነሡም። «በዚያን ቀን የሆነውን ንገሩን» አሉ። ገንዘብ ያዡ ረጅም ጊዜ ተናገሩ። ያስቀየማቸው መጠርጠሩ አልነበረም፤ ሒሳብ ያዥ እንደሚጠረጠር ያውቃሉ። ያስቀየማቸው፣ ያ ሁሉ ሰው ሲያያቸው አንድ እንኳ «መዝገቡ ይታይ» የሚል መጥፋቱ ነው። አባታችን ሰምተው ተመለሱ። በሌላ ሳምንት ወደ ሰብሳቢው ሄዱ፤ ሰብሳቢውም ተጸጽተው ኖረዋል፤ ይቅርታውን ግን በቤት፣ በቡና ላይ ለማድረስ ፈለጉ። ሽማግሌው አልተቀበሉም። ቃሉ በጉባኤ ስለ ተነገረ የሚመለሰውም በጉባኤ ነው አሉ።

በኒቆዲሞስ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጉባኤው ተቀመጠ። አስቀድሞ መዝገቡ በሁለት አባላት ተመርምሮ ነበር፤ የአንድ ወር ሁለት ደረሰኞች ቦታ ከመለዋወጣቸው በቀር ጕድለት አልተገኘም። ሰብሳቢው ተነሥተው፣ «ያን ቃል ስናገር ማስረጃ አልነበረኝም፤ ስለ እግዚአብሔር ይቅር በሉኝ» አሉ። ገንዘብ ያዡ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብለው መለሱ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። በማግሥቱ ሦስቱም ባንክ ሄደው ፈረሙ።

ሁለቱ ሰዎች ከዚያ ወዲህ የልብ ወዳጆች ሆኑ ለማለት አንደፍርም፤ በስብሰባ ላይ አሁንም በትይዩ ይቀመጣሉ ይባላል። ውኃው ግን ክረምቱ ሳይገባ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በር አጠገብ ባለው ቦኖ ወረደ፤ ቍልፉንም እንዲይዙ ጉባኤው የመረጠው እኒያኑ ገንዘብ ያዥ ነበር።